በጅማና በዙሪያዋ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ የሚጋሩት የሬዲዮ መገናኛ እንዴት ይዘረጋል

ከሰኮሩ ወደ ግቤ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ አውቶቡስ ተገለበጠ እንበል። ትራፊክ ፖሊሱ በመሥሪያ ቤቱ ሬዲዮ ለአለቃው ያሳውቃል። የአምቡላንስ ሾፌሩ ኔትወርክ ካገኘ በሞባይሉ ሆስፒታል ይደውላል። የእሳት አደጋ መኪናው ደግሞ በሌላ ቻናል ላይ ነው። ሦስቱም ቦታው ላይ ሲደርሱ በጩኸትና በእጅ ምልክት ይግባባሉ። ከመድረሳቸው በፊት ግን "ብረት መቁረጫ ያዙ፣ ሁለተኛ አምቡላንስ ይምጣ" የሚለው ቃል ለሚመለከተው ሰው ሳይደርስ ይቀራል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር፤ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ሕንፃው ሊወድቅ ነው ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ ውስጥ የነበሩት እሳት አጥፊዎች በሌላ ሬዲዮ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ማማው፣ ሪፒተሩ፣ ማለትም የእጅ ሬዲዮውን ምልክት ተቀብሎ አጠንክሮ የሚያሰራጨው ዕቃ፣ እንዲሁም ማዕከሉ የጋራ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በዚያ ላይ የራሱ ዝግ የንግግር ቡድን ይኖረዋል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ የጋራ ቡድን ይገባሉ። የአሜሪካዎቹ ሚሺጋን፣ ሚኒሶታና ኦሃዮ በግዛት ደረጃ እንዲህ ያለ አንድ መገናኛ ይጋራሉ። እዚህ የምናሳየው በጅማ ከተማና በዞኑ ተጀምሮ ወደ ክልል ሊሰፋ የሚችለውን አሠራር ነው።

1. ከማማው በፊት ስምምነቱ

የጋራ ሬዲዮን በብዛት የሚጥለው የዕቃ ብልሽት አይደለም፤ በአንዱ መሥሪያ ቤት በጀት ተገዝቶ የእሱ ንብረት መስሎ መቅረቱ ነው። ገንዘቡን የያዘው ቻናሉንም ያዛል፤ ሌሎቹ ሬዲዮ ለማስጨመር ደብዳቤ ጽፈው ወር ሲጠብቁ ይሰለቹና ወደ ሞባይላቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማውና የዞኑ አስተዳደር፣ ፖሊስ፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልና የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። የሚፈርሙት ሰነድ ከ8 ገጽ ባይበልጥ ይሻላል፤ ረጅም ሰነድ ማንም አያነበውም። መልስ ሊሰጥባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

- የማማው፣ የመሬቱና የፍሪኩዌንሲው ፈቃድ በማን ስም ይሆናል?
- የጥበቃ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የመለዋወጫ ዕቃና የፍሪኩዌንሲ ዓመታዊ ክፍያ ከየትኛው በጀት፣ በየትኛው ወር ይወጣል?
- ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ቻናል ሲፈልግ ማን ይቀድማል?
- አዲስ ሬዲዮ መመዝገብና የጠፋን ሬዲዮ መዝጋት የማን ሥልጣን ነው? በስንት ሰዓት ውስጥስ ይፈጸማል?
- ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቢወድቅ ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በስም ካልተመለሰ አትፈርሙ። ለጥገና በየዓመቱ ከዕቃው ዋጋ 10 በመቶ ያህል ይያዝ። ይህ መስመር በጀቱ ላይ ከሌለ ባትሪው ባረጀበት ዓመት ሁሉም ነገር ይቆማል።

2. ፍሪኩዌንሲና የሬዲዮው ዓይነት

ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ሳይወጣ ዕቃ አትግዙ። ዱፕሌክሰር (በአንድ አንቴና ማስተላለፍና መቀበል የሚያስችለው ዕቃ) እና ኮምባይነር (ብዙ ማስተላለፊያን ወደ አንድ አንቴና የሚያገናኘው) የሚስተካከሉት ለተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ በግምት ከተገዙ ተመልሰው ይስተካከላሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይሆኑም። የሬዲዮ ዕቃ ለማስገባትም የባለሥልጣኑን ይሁንታ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ሪፒተር ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ሲከርም የዋስትና ጊዜው ይቆጥራል።

ለፖሊስና ለአደጋ ሥራ የሚታወቁት ዲጂታል ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ቴትራ በ25 ኪሎ ኸርዝ ውስጥ አራት ንግግር ይይዛል፤ ለትልቅ ከተማ ድንቅ ነው፤ ግን በተለምዶ 400 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራና ጣቢያዎቹ ተቀራርበው መቆም ስላለባቸው ለተራራማ ገጠር ውድ ይሆናል። ፒ 25 በአሜሪካ የተለመደና ጠንካራ ነው፤ ሬዲዮው ግን ውድ ነው። ዲኤምአር በ12.5 ኪሎ ኸርዝ ውስጥ ሁለት ንግግር ይይዛል፤ ብዙ አምራቾች ይሠሩታል፤ ቻናሉን ራሱ የሚያከፋፍለው ደረጃ 3 የተባለው ዓይነትም አለው። ለጅማ ዞን የእኛ ምርጫ ዲኤምአር ደረጃ 3 በቪኤችኤፍ፣ ማለትም ከ136 እስከ 174 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ቪኤችኤፍ በጌራና በሲግሞ ጫካና ሸለቆ ከዩኤችኤፍ፣ ማለትም 400 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ካለው፣ የተሻለ ይሄዳል። ዩኤችኤፍ ሕንፃ ውስጥ በመግባት ይበልጠዋል፤ ይህን ጉድለት ሆስፒታሉ ላይ ለብቻው እንሸፍነዋለን።

3. ኮረብታ መምረጥ

ካርታ ላይ ከፍ ያለውን ቦታ መርጦ መሄድ አይበቃም። ቦታው መኪና በክረምት የሚደርስበት፣ ጥበቃ የሚያድርበትና ሰው የሚኖርበትን ወገን የሚያይ መሆን አለበት። ለከተማው የጅሬን ከፍታ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ግን ማማው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢና ከፊት ለፊቱ እይታ ርቆ ይቁም፤ ቅርስ ጥበቃውን ከመጀመሪያው ቀን አማክሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ጣቢያ በዴዶ ደጋ በኩል፣ አንድ አጋሮና ጎማን የሚያይ፣ አንድ ሰኮሩ ላይ ወደ ግቤ የሚወርደውን መንገድ የሚያይ አስቡ። ሊሙ፣ ሴጠማና ሲግሞ በሁለተኛው ዙር ይደረሳሉ። የማይጉዶ ተራራ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፤ ሆኖም ሪፒተር በጣም ከፍ ሲል ከግርጌው ያለውን ሸለቆ አያየውም፤ በነሐሴ ወር ደግሞ ጠጋኝ ለማድረስ ቀን ሙሉ ይፈጃል።

ስሌቱን የምንጀምረው ከደካማው ወገን ነው። ደካማው ወገን ማማው አይደለም፤ በፖሊሱ ወገብ ላይ ያለው ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ነው። 5 ዋት ማለት በዲቢኤም፣ ማለትም በሬዲዮ ኃይል መለኪያ፣ 37 ነው፤ የሚጨመረውንና የሚቀነሰውን ደግሞ በዲሲቤል እንቆጥራለን። አጭሩ አንቴናና የሰውየው አካል 12 ዲሲቤል ይበሉበታል። የጣቢያው አንቴና 8 ይጨምራል፤ ኬብሉ፣ ማገናኛውና ማጣሪያው 3 ይቀንሳሉ። ሪፒተሩ እስከ ቀነሰ (-) 117 ዲቢኤም ድረስ ቢሰማም፣ ለተንቀሳቃሽ ሰው 20 ዲሲቤል መጠባበቂያ ይዘን ቀነሰ 97 ላይ እናቆማለን። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሊጠፋ የሚችለው 37 ሲቀነስ 12፣ ሲደመር 8፣ ሲቀነስ 3፣ ሲደመር 97፣ ማለትም 127 ዲሲቤል ነው። በ150 ሜጋ ኸርዝ 30 ኪሎ ሜትር ክፍት አየር ብቻ 105.5 ዲሲቤል ይወስዳል። ለኮረብታ፣ ለጫካና ለቤት ግድግዳ የቀረው 21 ያህል ነው፤ አንድ ጉብታ ከመሃል ቢገባ ያልቃል። ሻጩ "50 ዋት ነው፣ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ሲላችሁ ማማው የሚናገረውን እየነገራችሁ ነው፤ ማማው የሚሰማውን ጠይቁት።

4. ስንት ቻናል?

ግምቱን ከሚበዛበት ሰዓት አስሉ። ጅማ ላይ የሐሙስ ገበያ ጥሩ መለኪያ ነው። በአንድ ጣቢያ ሥር 200 ሬዲዮ ቢኖር፣ እያንዳንዱ በዚያ ሰዓት 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 12 ሰከንድ ቢናገር 4,800 ሰከንድ ይሆናል፤ ከአንድ ሰዓት 1.33 እጥፍ ማለት ነው። 2 የንግግር መስመር ካለ ከግማሽ በላይ ጠሪ ወረፋ ይጠብቃል፤ 3 ካለ ከ100 ውስጥ 18 ያህሉ፣ 4 ካለ 5 ያህሉ። በደረጃ 3 አንዱ መስመር ቻናል ለማከፋፈል ስለሚያዝ፣ 2 ሪፒተር 3 የንግግር መስመር ይሰጣል፤ 3 ሪፒተር ደግሞ 5። ስለዚህ ለጅሬን 3፣ ለውጭ ጣቢያዎች 2 ሪፒተር ይበቃል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ማስተላለፊያ በአንድ ማማ ላይ ሲኖር ሞገዳቸው ተቀላቅሎ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ይወልዳል። 152 እና 153 ሜጋ ኸርዝ አብረው ቢያስተላልፉ 151 እና 154 ላይ ጣልቃ ገብ ይፈጠራል፤ ከመቀበያችሁ አንዱ እዚያ ላይ ከተቀመጠ ሲስተሙ ያለ ምክንያት "ይደነቁራል"። ፍሪኩዌንሲ ስታመለክቱ ይህን ስሌት አያይዙ። ማማው የኤፍኤም ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ የሚያግድ ማጣሪያ ከመቀበያው ፊት ይግባ።

5. አንቴና፣ ኬብልና ውሃ

ለኬብል አትሳሱ። አርጂ 213 የሚባለው ኬብል በ150 ሜጋ ኸርዝ በ100 ሜትር 8 ዲሲቤል ያህል ሲበላ፣ ግማሽ ኢንች ጠንካራው ኬብል 2.7 ያህል ብቻ ይበላል። በ40 ሜትር ማማ ላይ ልዩነቱ 2 ዲሲቤል ሲሆን፣ ከእጅ ሬዲዮው ኃይል ሦስተኛውን መጣል ማለት ነው።

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ጣቢያን ቀስ ብሎ የሚገድለው የማገናኛ ውስጥ ውሃ ነው። አሸጋጉን ቀረብ ብለን እናሳይ፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ በቃላት ብቻ አይያዝም። ማገናኛው በቁልፍ ጠብቆ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። መጀመሪያ አንድ ዙር ተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይጠቅለል፤ ነገ ለመፍታት ሲፈለግ ማጣበቂያው ማገናኛው ላይ እንዳይቀር ነው። ቀጥሎ ራሱን በራሱ የሚያጣብቀው ላስቲክ ፕላስተር ስፋቱ ግማሽ እስኪሆን ተስቦ፣ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ፣ ከታች ወደ ላይ ይጠቀለል። አቅጣጫው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ሲያርፍ ውሃው ይንሸራተታል፤ ከላይ ወደ ታች ከጠቀለላችሁ እያንዳንዱ ጫፍ ውሃ የሚቀበል ኪስ ይሆናል። በመጨረሻ ፀሐይ የሚችል ፕላስተር ሁለት ዙር፣ አሁንም ከታች ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ሳይጎተት ተቆርጦ በጣት ይጫን። ተጎትቶ የተቆረጠ ጫፍ በሳምንት ውስጥ ይላጣል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ብሎ ይውረድ፤ ጠብታው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ግድግዳ ውስጥ አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ የአንቴናውን የተመላሽ ሞገድ ውድር (ኤስደብሊውአር) በመሣሪያ ለኩና ጻፉ። ከ1.5 መብለጥ የለበትም። ያ ቁጥር የጣቢያው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ስትለኩ ከእሱ ጋር ታመሳክራላችሁ። በዝናብ ሰሞን ከፍ ብሎ በበጋ ከወረደ ውሃ ገብቷል፤ ሳትጠብቁ ፍቱት።

6. መብረቅ

በማማው ዙሪያ 50 ሚሊ ሜትር ካሬ ባዶ መዳብ ሽቦ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ክብ ይቀበር። በአራቱ ማዕዘን 2.4 ሜትር የመዳብ ዘንግ ይመታ፤ በመካከላቸው ወደ 5 ሜትር ይኑር፤ ከተቀራረቡ አንዱ የሌላውን ሥራ ነው የሚሠራው። የመብረቁ ጅረት ወደ መሬት ሲገባ የሚገጥመው መቋቋም ከ5 ኦም በታች ይሁን። ልኬቱን በጥር ወይም በየካቲት ውሰዱ። የጅማ ቀይ አፈር በሐምሌ እርጥብ ስለሆነ ማንኛውም ዘንግ ያልፋል፤ ሲደርቅ ግን ቁጥሩ ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ የመጋቢት ነጎድጓዶች የሚመጡት ደግሞ አፈሩ ገና ደረቅ እያለ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ አለ፦ መሬት አንድ ብቻ ነው። ማማው፣ የዕቃ ቤቱ፣ ጀነሬተሩ፣ የሶላሩ ብረት፣ አጥሩ ሁሉም ከዚያው ክብ ሽቦ ጋር ይታሰሩ። "ለሬዲዮው ንጹሕ መሬት" ብሎ ለብቻው ዘንግ መምታት የተለመደ ስሕተት ነው። መብረቅ ሲወርድ በሁለቱ መሬቶች መካከል ብዙ ሺህ ቮልት ልዩነት ይፈጠርና ማለፊያው የሪፒተሩ ውስጥ ይሆናል። የአንቴናው ኬብል ሽፋንም ከማማው ጋር በሦስት ቦታ ይታሰር፦ ከአንቴናው ሥር፣ ከማማው ግርጌ፣ ከቤቱ መግቢያ። መግቢያው ላይ የመብረቅ መከላከያ ይግባ። የሚወርደው ሽቦ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ መታጠፍ ካለበትም ከ20 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ክብ ይታጠፍ፤ መብረቅ በቀጥታ ማዕዘን አይዞርም፣ ይዘላል። መዳብ ሌባ ይወደዋል፤ የሚታየውን ክፍል በፕላስቲክ ቧንቧና በሲሚንቶ ሸፍኑት። በብረት ቧንቧ ግን አትሸፍኑ፤ ብረቱ የመብረቁን ጅረት ያፍነዋል።

7. ኃይል፦ ሁሉም የሚረሳው አንድ ነገር

የሶላር ስሌት ሲሠራ ሪፒተር በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ያስተላልፋል ተብሎ ይገመታል። በደረጃ 3 ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቻናል የሚያከፋፍለው ሪፒተር ማንም ባይናገር እንኳ 24 ሰዓት ያስተላልፋል። ይህ ከተረሳ ጣቢያው በበጋ ይሠራል፤ በሐምሌ ሦስተኛ ዳመናማ ቀን ላይ ይጠፋል። ያ ደግሞ ጎርፍና የመንገድ አደጋ የሚበዛበት ወቅት ነው።

ለውጭ ጣቢያ እንዲህ ይሰላል። 50 ዋት ሲያስተላልፍ 12 አምፔር፣ 25 ዋት ሲያስተላልፍ 7 አምፔር፣ ዝም ሲል 1 አምፔር የሚወስድ ሪፒተር እንውሰድ። በ25 ዋት የመጀመሪያው ሪፒተር ሳያቋርጥ 7 ይወስዳል። ሁለተኛው ከጊዜው 20 በመቶ ቢናገር በአማካይ 2.2፤ ማገናኛ ሬዲዮውና ስዊቹ 1.8። ድምሩ 11 አምፔር፣ በቀን 264 አምፔር ሰዓት ነው። ለሦስት ቀን ያለ ፀሐይ 792፤ የሊቲየም ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይራገፍ በ12 ቮልት 1,000 አምፔር ሰዓት ያዙ። በተራ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግማሹ ብቻ ስለሚራገፍ ወደ 1,600 ይሆናል። ለፓኔሉ በክረምት የሚቆጠር ፀሐይ 3 ሰዓት ብቻ ያዙ፤ ኪሳራው 30 በመቶ ተብሎ 1.6 ኪሎ ዋት ፓኔል ያስፈልጋል።

በ50 ዋት ቢሆን ኖሮ በቀን 408 አምፔር ሰዓት ይሆን ነበር። ከ25 ወደ 50 ዋት ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ያውም ማማው ወደ ሰው በሚናገርበት አቅጣጫ፣ ቀድሞውኑ ጠንካራ በሆነው። 25 ዋት ላይ ተዉት።

መብራት ባለበት ጣቢያም ባትሪው ይኑር። ኢንቨርተር በመሃል አታስገቡ፤ ሪፒተሩ በቀጥታ ከባትሪው ይብላ፤ የሚበላሽ አንድ ዕቃ ይቀንሳል። ቮልቴጅ ሲወርድ ለማዕከሉ መልእክት የሚልክ ጠቋሚ አስገቡ፤ ጣቢያ ከጠፋ በኋላ ማወቅና ከመጥፋቱ 10 ሰዓት በፊት ማወቅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የአየር መውጫው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይገጠም፤ ንብ ባዶ ሣጥን ይወዳል፤ ንብ የሰፈረበትን ቤት ደግሞ ጠጋኙ አይከፍተውም።

8. ጣቢያዎቹን እርስ በርስ ማገናኘት

አንድ ንግግር የሚፈልገው የመረጃ መጠን በሰከንድ ከ100 ኪሎ ቢት በታች ነው፤ ችግሩ ስፋት ሳይሆን መዘግየትና መቆራረጥ ነው። ፋይበር ከተከራያችሁ ጥሩ፤ ግን በማይክሮዌቭ መደገፍ አለበት፣ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣልና። ለማይክሮዌቭ ከ10 ጊጋ ኸርዝ በታች ምረጡ፤ ከዚያ በላይ የጅማ ኃይለኛ ዝናብ ምልክቱን ይውጠዋል።

30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ስታገናኙ በመሃሉ የምድር ቅስት 13 ሜትር ያህል ይነሳል፤ ምልክቱ የሚፈልገው ነጻ ቦታ ደግሞ 12 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ካለው እንቅፋት ጫፍ በላይ 25 ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። እንቅፋቱ ባሕር ዛፍ ከሆነ የዛሬ ቁመቱን አትለኩ፤ ሙሉ ሲያድግ የሚደርስበትን ያዙ። ሲገጠም የሚሠራ፣ በአራተኛው ዓመት በየክረምቱ የሚቆራረጥ መስመር ብዙ ጊዜ ሰበቡ ከመሃል ያደገ የባሕር ዛፍ ደን ነው።

መስመሩ ሲቆረጥ ጣቢያው ለብቻው መሥራቱን ይቀጥላል። ይህ ጥሩ ቢሆንም አደጋ አለው፦ አጋሮ ያለው ፖሊስ ሬዲዮው ሲሠራ እያየ ጅማ የሚሰማው ይመስለዋል። ሬዲዮው ላይ "ብቻውን" የሚል ጽሑፍና ልዩ ድምፅ እንዲወጣ አድርጉ፤ ሰዎቹም የምልክቱን ትርጉም ይወቁ።

9. ፕሮግራም፦ ቁጥር፣ ቡድንና ማዞሪያ

ለሬዲዮዎቹ ቁጥር ስትሰጡ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች መሥሪያ ቤቱን ይግለጹ፤ ለምሳሌ 11 ፖሊስ፣ 12 ትራፊክ፣ 21 እሳት አደጋ፣ 31 አምቡላንስ፣ 41 አደጋ ሥጋት። ማዕከሉ ላይ የተቀመጠው ተረኛ ቁጥሩን አይቶ ማን እንደሚናገር ወዲያው ያውቃል።

የእጅ ሬዲዮ ማዞሪያ ብዙውን ጊዜ 16 ቦታ አለው። 1 የራስ ቡድን፣ 14 የሆስፒታል ቡድን፣ 15 የሁሉም የጋራ ቡድን፣ 16 ያለ ሪፒተር ቀጥታ ይሁን፤ በሁሉም መሥሪያ ቤት፣ በሁሉም ሬዲዮ ላይ አንድ ዓይነት። በጨለማና በጭስ ውስጥ ያለ ሰው "እስከ መጨረሻው አዙር፣ አንድ መልስ" የሚለውን ያስታውሳል፤ የቻናል ስም አያነብም። እሳት ሲነሳ ውስጥ የገቡት ሰዎች ቻናል 16 ላይ ይሁኑ፤ አዛዡ ውጭ ሆኖ ሁለት ሬዲዮ ይያዝ። ከቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ወደ ጅሬን ማማ መድረስ ላይቻል ይችላል፤ 50 ሜትር ርቆ ወዳለው አዛዥ ግን ይደርሳል።

የጋራ ቡድኖች ላይ የኮድ ቁጥር አይፈቀድ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ኮድ ስላለው "አስር አምስት" ለአንዱ እሳት፣ ለሌላው ምሳ ሊሆን ይችላል። ግልጽ ቃል ይነገር፣ ያውም በሁለቱም ቋንቋ የታወቀ፦ እሳት፣ ኢቢዳ፤ እርዳታ፣ ጋርጋርሳ። 30 ያህል ቃላት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ካርድ ላይ ታትመው ከሬዲዮው ጋር ይሰጡ።

ምስጠራ የሚያስፈልገው ፖሊስ የራሱን ቡድን በኤኢኤስ 256፣ በጠንካራው የምስጠራ ዓይነት፣ ይዝጋ። የጋራው ቡድን ግን ክፍት ይሁን፤ የአንዱ አምቡላንስ ቁልፍ ሳይታደስ ቀርቶ በአደጋ ቀን መስማት ቢያቅተው ጉዳቱ ከመደመጥ ይብሳል።

ሰዓትም አለ። ሲስተሙ በፈረንጆች ሰዓት አቆጣጠር ይቆጥራል፤ የተረኛው መዝገብ ግን በእኛ ሰዓት ይጻፋል። በሲስተሙ 02:00 የተቀዳው ንግግር መዝገቡ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መርማሪ ከሁለት ወር በኋላ ቅጂውን ሲፈልግ 6 ሰዓት ተሳስቶ "አልተቀዳም" ይባላል። መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ አትሙ፤ ተረኛው ሁለቱንም ይጻፍ።

10. ሙከራና ርክክብ

ውሉ ላይ "ከ100 ቦታ በ95ቱ ንግግሩ ሳይደገም ይገባል" የሚል ይጻፍ፤ ክፍያውም ከ10 እስከ 15 በመቶው አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ። በጥር ደረቅ ቅጠል ላይ የተፈተነ ሲስተም በሐምሌ እርጥብ ጫካ ውስጥ ሌላ ነው።

ስትፈትኑ ሬዲዮው እንደ ዕለት ሥራው ወገብ ላይ ይንጠልጠል፤ እጅ ከፍ አድርጎ መያዝ ማታለል ነው። በመንገድ ላይ በየ1 ኪሎ ሜትሩ፣ በከተማው በየ500 ሜትሩ ቁሙ። አንዱ ያልተጠበቀ ዐረፍተ ነገር ያንብብ፣ ሌላው የሰማውን ይጻፍ፤ ቀጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ማለት ፈተና አይደለም፤ ጆሮ ያልሰማውን ራሱ ይሞላዋል። መርካቶ ውስጥ በቆርቆሮ ሱቆች መካከል፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር ዝቅ ባለው ሰፈር፣ በሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍልና ምድር ቤት የግድ ፈትኑ። ሆስፒታሉ ውስጥ ካልደረሰ ጣሪያ ላይ አንቴና ያለው አነስተኛ የሕንፃ ውስጥ ማጠናከሪያ ይገጠም፤ የውጭና የውስጥ አንቴናዎቹ በደንብ ካልተራራቁ ግን ራሱን መልሶ እየሰማ ይጮሃልና ገጣሚው ልኬቱን ያሳያችሁ።

በርክክቡ ቀን የፕሮግራም ሶፍትዌሩን፣ የፈቃድ ቁልፎቹን፣ ሁሉንም የይለፍ ቃልና የእያንዳንዱን ሬዲዮ ፋይል በሁለት ቅጂ ተቀበሉ። ይህ ከጎደለ አንድ ቡድን ለመጨመር እንኳ ሻጩን ከአዲስ አበባ ትጠራላችሁ፤ 350 ኪሎ ሜትር።

11. ሥልጠናና ዕለታዊ ሥራ

ግማሽ ቀን በተግባር ይበቃል። ቁልፉን ተጭኖ የፈቃድ ድምፁ እስኪሰማ አንድ ሰከንድ መጠበቅ፤ ካልተጠበቀ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ "አትግቡ" ተብሎ "ግቡ" የሚሰማው እንዲህ ነው። ማይኩን ከአፍ 5 ሴንቲ ሜትር አርቆ በተለመደ ድምፅ መናገር፤ ዲጂታል ሬዲዮ ሳይረንና የውሃ ፓምፕ ጫጫታ ከንግግር ለመለየት ይቸገራል፤ መጮኹም ያባብሰዋል። ብርቱካናማውን የአደጋ ቁልፍ መጫንና ማዕከሉ እንዴት እንደሚመልስ ሁሉም አንድ ጊዜ ይሞክረው።

ለእያንዳንዱ ሬዲዮ ሁለት ባትሪ ይገዛ፤ 12 ሰዓት ተረኛ የሆነ ፖሊስ በአንድ ባትሪ አይዘልቅም። ከ10 ሬዲዮ 1 መጠባበቂያ፣ ከ5 ሪፒተር 1 መጠባበቂያ፣ እንዲሁም አንድ ዱፕሌክሰርና አንድ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ጅማ ውስጥ ይቀመጥ። በየሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማዕከሉ ቻናል 15 ላይ ሁሉንም መሥሪያ ቤት በየተራ ይጥራ፤ ያልመለሰው ተመዝግቦ እስከ ማታ ይጣራ። ከግንቦት በፊት እያንዳንዱ ኮረብታ ላይ አንድ ሰው ይውጣ፤ ሣሩን ያጽዳ፣ ፓኔሉን ይጠብ፣ የባትሪውን ማሰሪያ ያጥብቅ፣ የመሬት ሽቦው ተቆርጦ እንዳልተወሰደ በእጁ ዳስሶ ያረጋግጥ።